በኦትማር ደብተር ውስጥ ባዶ የቀረችው ገጽ

ኦትማር ኬረር ወሬ አልፈጠረበትም። «እንዴት አደርክ» ስትሉት እንኳ መልሱን ከኪሱ ፈላልጎ የሚያወጣ ነው የሚመስለው። እጁን ግን እግዜር ባርኮለታል። በሙያው አናጢ ነው፤ የሆሄንቡህ መንደር ሰው በሩንም፣ ደረጃውንም፣ የሬሳ ሳጥኑንም የሚያሠራው እሱ ጋ ነው። ትርፍ ጊዜውን ደግሞ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ለመንደሩ የበረራ ማህበር ሰጥቷል። የማህበሩ አውሮፕላኖች ግላይደር የሚባሉት ናቸው፤ ሞተር የላቸውም። ሌላ አውሮፕላን በገመድ ጎትቶ ያወጣቸውና ይለቃቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ካሞቀችው መሬት የሚነሳውን አየር እየፈለጉ ሲንሳፈፉ ይውላሉ። ክንፍ ሲሰነጠቅ ኦትማር ጋ ይመጣል። በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ቀብቶ፣ እንደገና አሽቶ ሲመልሰው፣ የቱ ጋ ተሰንጥቆ እንደነበር የሰበረው ሰው ራሱ ፈልጎ ያጣዋል።

አንድ አመል አለው። የማህበሩ ጋራዥ ውስጥ ትልቅ መዝገብ ተቀምጧል፤ አንዲት ብሎን ያጠበቀ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ምን እንደሠራ ጽፎ መፈረም አለበት። ሳይፈርም ሹልክ ያለ ካለ፣ ኦትማር በብስክሌት ቤቱ ድረስ ሄዶ ከምሳ ገበታ ያስነሳዋል። ሊቀመንበሩን ገብሃርድን ሳይቀር አንድ ጊዜ ከፀጉር ቆራጭ ወንበር ላይ አስነስቶ አስፈርሞታል፤ ግማሽ ጭንቅላቱ ሳይቆረጥ። «ያልፈረምክበት ሥራ አልተሠራም» ብሎ ይዞራል፣ በቃ። ከዚህ የረዘመ ንግግር ሲያደርግ የሰማ ሰው የለም።

እሱ የቆጠበውን ቃል ሁሉ የምትጨርሰው ሚስቱ ሮዝቪታ ናት። የማህበሩ ወጥ ቤት የሷ ግዛት ነው። በምግብ ማቀበያዋ መስኮት በኩል ሳህን እያቀበለች ሁሉንም ታበሻቅጣለች። «አንተ እንደገና መጣህ? አውሮፕላኑ እንዴት ተሸከመህ ግን?» ትላለች፤ ሰውየው ሳህኑን ይዞ እየሳቀ ይሄዳል። እንዲህ ያለች ሴት ናት። ስለ አንድ ነገር ብቻ አትናገርም፤ ስለ ልጇ ስለ ቲሎ። እሱን ያነሳችበት ቀን ቢኖር በቁጣ ነው።

ባለፈው ጥቅምት የማህበሩ የውድድር ግላይደር አርጅታ ከአገልግሎት ወጣች። አዲስ መግዛት ግድ ሆነ። ይቺን ማህበር የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ሠላሳ አባል ሠላሳ አሳብ ነው። አንዱ ፈጣኗን ይላል፣ አንዱ የማትሰበረውን ይላል፣ አንዱ ቀለሟ ደስ ያለውን ይላል። መጨረሻ ላይ ገብሃርድ ጠረጴዛውን መትቶ «ኦትማር ያወዳድርና ይንገረን!» አለ። ሁሉም በአንድ አፍ ተስማማ። ኦትማር እምቢ ማለት አያውቅበትም። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛ።

በበረዶው ወራት ያልሄደበት የለም። ግላይደሮቹ የሚሠሩበት ቦታ ሄዶ ክንፎቻቸውን እንደ ፈረስ ገላ ዳሰሰ፣ መቀመጫቸው ውስጥ ገብቶ ጉልበቱ የት እንደሚነካ አየ፣ በነሱ የተወዳደሩ አብራሪዎችን ቡና ቤት ድረስ ተከትሎ ጠየቀ። ለምርጫ ከቀረቡት ሦስት ግላይደሮች ስለ አንደኛዋ፣ ስለ ቦራ ስድስት ገጽ ጻፈ። ስለ አልቲና ሰባት ገጽ ጻፈ። ሦስተኛዋ ሬንካ ናት፤ ከጎረቤት ማህበር ልትሸጥ የቀረበች የአሥራ ሁለት ዓመት ግላይደር። የሬንካን ስም ገጹ ራስ ላይ ጻፈና ከሥሩ በማስመሪያ አሰመረበት። ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶው አልሄደለትም። ሌላ ቀን ሞከረ፣ አልሄደለትም። ስሟን ማየት ሲያቅተው ደብተሩን ይዘጋና በረዶ ሊጠርግ ይወጣል። የሆሄንቡህ በር ሁሉ እንደዚያ ዓመት ተጠርጎ አያውቅም።

ልጁ ቲሎ የሞተው በሬንካ ነው። ይቺ ራሷ አይደለችም፣ የሷ እህት ናት ማለት ይቻላል፤ የማህበሩ የነበረችው።

የዛሬ ስድስት ዓመት በግንቦት ነው፣ የአውራጃው ውድድር የሚጀመር ዕለት ጠዋት። አርባ ግላይደር ሳሩ ላይ እየተገጣጠመ ነበር። አባትና ልጅ ክንፎቹን አስገቡ። ቲሎ ካርታውን ሊያይ ሲሄድ ኦትማር ወደ ኋላ ዞሮ ጅራቱን ቦታው ላይ አስቀመጠ፣ ብሎኑን አጠበቀ። የቀረው ትንሽ ነገር ነው። አብራሪው ከሚይዘው ዘንግ የሚመጣውን ብረት ከጅራቱ ጋር በእጅ ማያያዝ፣ እንዳይለቅም የፀጉር መያዣ የምታክል የሽቦ ማገቻ አስገብቶ መዝጋት። ማገቻዋን ከንፈሩ መካከል ይዟት ነበር። ይሄኔ ገብሃርድ ከወዲያ ማዶ ጮኸ።

«ኦትማር! ተሳቢህ መንገድ ዘጋ እኮ! ና አንሳልን!»

ኦትማር ማገቻዋን ደረት ኪሱ ከተተና ሮጠ። ተሳቢውን አነሳ። እግረ መንገዱን አንዱ የመኪናውን ጎማ እንዲያይለት ለመነው፣ አየለት። ሲመለስ ግላይደሯ ተገፍታ ሰልፍ ውስጥ ገብታለች፣ ቲሎ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። ከመነሳት በፊት አንድ ሰው ከውጭ እያንዳንዱን መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ ይይዛል፣ አብራሪው ከውስጥ ዘንጉን ይገፋል፤ ግፊቱ እጅ ላይ ከተሰማ ደህና ነው። የግራውን ክንፍ አደረጉ። የቀኙን አደረጉ። ጅራቱ ሲቀር ጎታቹ አውሮፕላን ሞተሩን አስነሳ፣ ገመድ ያዡም «ቶሎ፣ ቶሎ!» ይል ጀመር።

«አባዬ፣ ጅራቱ ተዘግቷል?» አለ ቲሎ።

«ተዘግቷል፣ ሂድ» አለ ኦትማር።

መዋሸቱ አልነበረም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያደረገውን ነገር እጁ ያደረገው መስሎት ነው። ቲሎ አውራ ጣቱን አሳይቶ ክዳኑን ዘጋ። ስልሳ ሜትር ላይ የግላይደሯ አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና አለ፣ ገመዱ ተለቀቀ፣ ከዚያ ግላይደሯ ወደ ታች ዞራ ከሜዳው ዳር ያለው የገብስ ማሳ ላይ ወደቀች። ኦትማር ወደ ገብሱ ማሳ ሲሮጥ ደረቱ ላይ አንድ ነገር ወጋው። የወጋውን ሳያውቅ ገና እየሮጠ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ማገቻዋ መሆኗንም ያኔ አወቀ።

የአደጋ መርማሪዎች ከሰዓት በኋላ መጡ። ጨዋዎች ነበሩ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው ያናገሩት።

«ጅራቱን ማን ነው የገጠመው?»

«ልጄ» አለ ኦትማር።

አንዲት ቃል። ለምን እንዳላት ዛሬም አያውቅም። ሮዝቪታ ብርድ ልብስ ለብሳ አጠገቡ ቆማ ነበር፣ ፊቷን አየና ከአፉ ወጣች። ነገ አስተካክላለሁ ብሎ ይሆናል። ነገ ቀብር ነበር። ከቀብር በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይለዋል፤ አይዞህ የሚልህን ሰው እንዴት አድርገህ ነው የምታርመው? የምርመራው ወረቀት ሲመጣ አብራሪው ጅራቱን ሳያጣራ ተነሳ ይላል። በዚሁ አለቀ።

ሮዝቪታ አላለቀሰችም። ተቆጣች። ቲሎ በአሥራ አራት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ ሲወርድ፣ እንደ ማህበሩ ወግ አባሉ ሁሉ በየተራ ቂጡን ጠፍጥፎት ከሜዳው ዳር የተነቀለ የኮሸሽላ እቅፍ አስታቅፎት ነበር፤ እሾሁ እጁን እየወጋው ሲስቅ። እናቲቱ ያንን ኮሸሽላ አድርቃ አሥራ አምስት ዓመት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አኑራው ነበር። ከቀብሩ ማግስት አንስታ ምድር ቤት ከድንቹ ጋር ወረወረችው። መቃብሩ ላይ በሄደች ቁጥር አረሙን እየነቀለች ትወርድበታለች። «አንድ ነገር! አንድ ነገር ብቻ ነበር ማየት የነበረብህ! እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?» ኦትማር ከኋላዋ የአትክልት ውሃ ማጠጫውን ይዞ ይቆማል። ስትጠይቀው ያቀብላታል።

ማገቻዋን በክብሪት ቀፎ አድርጎ ጋራዡ መሳቢያ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት ሥር ደብቋታል። መጣል ነበረበት ትሉ ይሆናል። አልጣላትም። ግላይደሯን ለመምረጥ ማህበሩ በተሰበሰበበት ዕለት ጠዋት መሳቢያውን ከፍቶ የክብሪት ቀፎዋን ኮት ኪሱ ከተታት፤ ለምን እንደሆነ ግን ለራሱም አልነገረውም።

ስብሰባው በየካቲት፣ እሁድ ከምሳ በፊት ነው። ሜዳው በረዶ ለብሷል፣ ምድጃው ይንጣጣል፣ ከወጥ ቤቱ የምስርና የቋሊማ ሽታ ይመጣል። ሮዝቪታ ከጠዋት ጀምሮ ስፔትዝሌ የሚሉትን ሊጥ እየከተፈች የፈላ ውሃ ውስጥ ስትጨምር ነበር። የማቀበያው መስኮት እንደ ሁልጊዜው ክፍት ነው።

«በል ኦትማር፣ ተነስ» አለ ገብሃርድ። «ከአሥር ቃል በላይ ከተናገርክ የዛሬውን መጠጥ እኔ ነኝ የምችለው።»

«ኪስህ አይነካም፣ አትስጋ!» አለች ሮዝቪታ ከወጥ ቤት። ሳቅ ሆነ።

ኦትማር መነጽሩን አደረገ። አውሮፕላን ላይ ሲሆን ምላሱ ይፈታል፣ ይሄ የሚገርም ነው። «ቦራ ፈጣን ናት» አለ። «ክንፏ እንደ ቢላ ነው። ክብደት እንዲሆናት ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ክንፏ ውስጥ ሞልተህ፣ ብርቱ አየር ባለበት ቀን ከለቀቅሃት ማንም አይደርስባትም። ከአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ሃምሳ ሦስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች።»

«እሷ ትሁን በቃ!» አለች ስቬንያ። የማህበሩ ተወዳዳሪ እሷ ናት፣ የምታበረውም እሷ ናት። የበረራን ሀ ሁ ያስቆጠራት ቲሎ ነው።

«ቆይ። ብርቱ አየር እዚህ አገር ስንት ቀን ነው?»

«ባለፈው በጋ አራት ቀን!» አለ አንዱ ከኋላ። «አንዱን እኔ ታምሜ ተኝቼ ነበር።»

«አራት ቀን። በቀረው ቀን ቦራ ትሰምጣለች። ቀስ ስትይባት ደግሞ ሳትነግርሽ በአንድ ክንፏ ዘንበል ብላ ትወድቃለች፣ ከዳተኛ ናት። አልቲና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው የምትሄደው፣ በሦስት ታንሳለች። ግን ደካማ አየር ላይ ትወጣለች። አየሩ ሊከዳት ሲል ዘንጉ እጅሽ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትነግርሻለች። አፍንጫዋ ወፍራም ነው፣ ብትወድቂ እግርሽን ያተርፍልሻል። ውድድር የምንሸነፈው በፈጣኑ ቀን አይደለም፤ በመጥፎው ቀን የሰው ማሳ ላይ ቁጭ ስንል ነው።»

«እኔ ግን ልቤ ቦራ ጋ ነው» አለች ስቬንያ።

«ልብሽ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ያልፍለታል» አለ ገብሃርድ። አሁንም ተሳቀ።

«ሁለቱም ጅራታቸውን ስታስገቢው ብረቱ ራሱ ይጋጠማል» አለ ኦትማር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በእጅ የሚያያዝ ነገር የለም። የሚረሳ ነገር የለም።» ደብተሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

ይሄኔ ጸሐፊው ቮልክማር እስክሪብቶውን አነሳ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ስሌት የጎደለው እንደሆነ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። «ሦስተኛዋስ? ሬንካን አላስረዳኸንም።»

«አልመረመርኳትም።»

«እንዴት አልመረመርካትም? ሦስቱንም ነው የሰጠንህ።» ቮልክማር ደብተሩን ስቦ ገለጠው። «ባዶ ገጽ! ስሙን ብቻ ጽፈህ ትተኸዋል! አድምጡ፣ ቦራም አልቲናም ሁለት ዓመት ተኩል ወረፋ አላቸው። ሬንካ በሚያዝያ እዚህ ናት። ስቬንያ በዚህ በጋ ትወዳደር ነበር።»

«ቮልክማር፣ ተወው» አለ ገብሃርድ።

«ምኑን ነው የምተወው? ቁስል ከነካሁ ኦትማር ይቅር ይበለኝ። ግን አውሮፕላኗ ምን አደረገች? ወረቀቱን ሁላችንም አንብበናል። ቲሎ ጅራቱን ሳያይ ተነሳ፣ እግዜር ነፍሱን ይማር። ለሚያይ ሰው ሬንካ ደህና ናት። አንድ ሰው አንድ ቀን በመዘንጋቱ ማህበሩ ሁለት ዓመት ይቀመጥ?»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ኦትማር የደብተሩን ጠርዝ ይዞ እንደተቀመጠ ነው። ቢተወው ነገሩ ያልፍ ነበር። ስድስት ዓመት ያለፈው እንዲሁ ነው። ግን ከመስኮቱ በኩል ድምፅ መጣ። ሮዝቪታ ጭልፋዋን እንደያዘች አንገቷን አውጥታ ነበር።

«ልክ ነው» አለች። ፊቷ ከምድጃው ሙቀት ቀልቷል። «ቮልክማር ልክ ነው። አውሮፕላኗ አልገደለችውም፣ የራሱ ዝንጋታ ነው የገደለው። በኔ ልጅ ጥፋት ይቺ ልጅ አትቀጣ። ግዟት። እኔ ቅር አይለኝም።» ብላ ወደ ድስቷ ዞረች።

ኦትማር የዞረ ጀርባዋን አየ። እናት ናት እኮ። እናት ልጇን ከስሳ ለአውሮፕላን ጠበቃ ቆመች፤ እንዲህ ያደረጋት ደግሞ እሱ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። ተነሳ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

«አልዘነጋም» አለ።

«ምን አልክ?» አለ ቮልክማር።

«ቲሎ አልዘነጋም። ጅራቱን የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

«ኦትማር፣ አሁን አይሆንም» አለ ገብሃርድ በፍጥነት። «ና ወደ ውጭ እንውጣ፣ ና።»

«አልወጣም! እኔ ነኝ የጀመርኩት፣ ሳልጨርሰው ሄድኩ። ስመለስ ጠየቀኝ። ተዘግቷል አልኩት።» ከኮት ኪሱ የክብሪት ቀፎዋን አወጣ፣ ከፈታት፣ የሽቦ ማገቻዋን ባዶው ገጽ ላይ አስቀመጣት። «ይቺት። ኪሴ ውስጥ ነበረች።»

የቮልክማር እስክሪብቶ ቆመ። ማገቻዋን ሁሉም ያውቃታል፤ እያንዳንዳቸው መቶ ጊዜ አስገብተዋታል። ስቬንያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አሁን አይሆንም ያልከኝ ለምንድነው?» አለ ኦትማር ወደ ገብሃርድ ዞሮ። «ታውቅ ነበር?»

ገብሃርድ ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። «የጠራሁህ እኔ አይደለሁ? ስጠራህ ጅራቱ ጋ ቆመህ ነበር፣ በዓይኔ አይቼሃለሁ። ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። ሳትናገር ስትቀር… የሞተ ሰው አይከፋውም አልኩ። ያለው ይትረፍ አልኩ።»

የሞተውስ አይከፋው ይሆናል። ወጥ ቤት ያለችው ግን ልብ ነበራት። ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሮ አያት። ሮዝቪታ አልጮኸችም። ምስሩ እንዳያር ምድጃውን አጠፋች፣ ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፣ በጓሮ በር ወጣች። የመኪናዋ ሞተር ሲነሳ ተሰማ። ምስሩን የቀመሰ ሰው የለም።

ኦትማር ደብተሩንና ማገቻዋን ይዞ ወጣ። ስቬንያ በረዶው ላይ ተከተለችው።

«ላድርስህ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር እኮ ነው።»

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

እሷም አጠገቡ ተራመደች። ትንሽ እንደሄዱ ማልቀስ ጀመረች። «ቲሎ ሁልጊዜ ምን ይለኝ ነበር መሰለህ? ማንም አየሁት ቢልሽ አትመኚ፣ በእጅሽ ነክተሽ እይ። ሊቀ ጳጳስም ቢሆን አትመኚ ይለኝ ነበር። እንዴት እሱ ራሱ… ለዚህ ነው ስድስት ዓመት ያልገባኝ።»

ኦትማር ቆመ። «እኔን አመነ» አለ። ከዚያ ሂጂ ብሎ በእጁ መለሳት።

ቤት ሲደርስ ጫማው ርሷል። ሮዝቪታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሳሎን ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ኮሸሽላው አለ። ከምድር ቤት አውጥታ፣ የድንች አፈሩን አራግፋ፣ የድሮው ጠርሙሱ ውስጥ አቁማዋለች። ጣቶቿ ደምተዋል።

«ተቀመጥ» አለችው። «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። አንድ ነገር እንዳትዘል።»

ነገራት። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር እንደዚያ ብዙ አውርቶ አያውቅም። ብሎኑን፣ ከንፈሩ መካከል የነበረችውን ማገቻ፣ ተሳቢውን፣ የሰውየውን ጎማ ሳይቀር ነገራት። እሷ የኮሸሽላውን እሾህ እያየች ሰማችው።

«ምን ብሎ ነው የጠየቀህ? ቃሉን ንገረኝ።»

«አባዬ፣ ጅራቱ ተዘግቷል? አለኝ።»

«ጠየቀህ።»

«ጠየቀኝ።»

«ልጄ ጠይቆ ነበር» አለች ሮዝቪታ፣ ለሱ ሳይሆን ለኮሸሽላው።  ከዚያ ዓይኗን አነሳች። «በሱ አልፈርድብህም። እጅ ይረሳል፣ የማንም እጅ ይረሳል። ያንን ያኔ ብትነግረኝ አብሬህ አለቅስ ነበር፣ አንተንም እይዝህ ነበር። ግን ስድስት ዓመት መቃብሩ ላይ ቆሜ ስሰድበው ከኋላዬ ቆመህ ውሃ ታቀብለኝ ነበር። ኦትማር፣ ውሃ እኮ ነው የምታቀብለኝ!»

 ሮዝቪታ ጠርሙሱን አንስታ፣ ኮሸሽላውን ደረቷ ላይ አቅፋ ፎቅ ወጣች። የገባችው መኝታ ቤታቸው አይደለም፣ የቲሎ ክፍል ነው። ቁልፉ ሲዞር ሰማ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፣ ዝቅ ብሎ፣ የታመመ ሕፃን እንደምታባብል ሁሉ። «ይቅር በለኝ ልጄ። ጠይቀህ ነበር እኮ። ይቅር በለኝ።»

ኦትማር ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ከፈተ። የሬንካ ስም ከነመስመሩ አለ። እስክሪብቶ ያዘና ከሥሩ ጻፈ፦ «ሬንካ። ጅራቷ በእጅ ነው የሚያያዘው። እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ ሳላያይዘው ሄድኩ። ቲሎ ጠይቋል። ተዘግቷል ያልኩት እኔ ነኝ።» ገጹን ገነጠለ፣ ደረጃውን ወጣ፣ በበሩ ሥር አሾለከው።

ውስጥ ድምፁ ተቋረጠ። ወረቀት ሲነሳ ተሰማ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ወረቀቱ በበሩ ሥር ተመልሶ ወጣ።

«አልፈረምክበትም» አለች ሮዝቪታ ከውስጥ።

ኦትማር ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀኑን ጻፈ፤ የዛሬን ሳይሆን የዚያን ግንቦት ቀን። ከሥሩ ፈረመና መልሶ በበሩ ሥር አስገባው። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በሩ አልተከፈተም።